አራት ደቂቃ የሚቆየው ጎብኚ

“ይኸው፣ ዛሬም መጣ!” አለች የአናጢው ሚስት እህት፣ ላፕቶፗን ሰጋቱራ በለበሰው ጠረጴዛ ላይ ወደ እሱ እያዞረች።

አናጢው መላጊያውን አስቀምጦ እጁን ሽርጡ ላይ ጠረገና አጎንብሶ አየ። ያየው ቁጥርና ሰንጠረዥ ብቻ ነው።

“ማነው እሱ?”

“ስሙንማ በምን አውቄ፣ ጋሼ! ከገጹ ጀርባ ያስቀመጥኳት ኮድ ስም አትነግርም። ከየት ከተማ እንደገባ፣ በምን ስልክ፣ ምን እያየ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ግን ትመዘግባለች። አይቶ ሳይገዛ ለሄደው ደግሞ ማስታወቂያህ ሌላ ቦታም ብቅ ይልበታል።”

“ደላላ በያት!”

“ደላላ እንኳን ይደክመዋል።”

ድረ ገጹን ከሠራችለት ሦስት ወር ሆኗል። ጠረጴዛና ወንበሮቹን ፎቶ አንስታ ደረደረች፤ እሱንም ስለ ሥራው ሲያወራ ቀርጻ ከላይ አስቀመጠችው። የሚያየው ሰው ብዙ ነው፣ የሚያዝዘው ግን በጣት የሚቆጠር። በዚህ ወር ካልቀናው ማስታወቂያውን ትቶ እንደ ድሮው ከሰፈር ደንበኛ ጋር እየተነታረከ ሊኖር ቆርጧል። ጭንቀቱ ይኼ ሆኖ ሳለ፣ ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳው ግን አንድ ጎብኚ ነው።

ጎብኚው ጠዋት ጠዋት ማስታወቂያውን ነክቶ ይገባል። የአናጢውን ቪዲዮ አራቱንም ደቂቃ፣ እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ ያያል። ከዚያ ዋጋ እንኳን ሳያይ ይወጣል።

“ሰው እንዲህ አያይም” አለች። “ሌላው አሥር ሰከንድ አይቶ ነው የሚሮጠው።”

አናጢው መጀመሪያ የሆቴል ባለቤት ነው ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር፤ መቶ ወንበር የሚያዝዝ። አሁን ግን ሐሳቡ ወደ ክፉ አዘነበለ። ቪዲዮው ላይ የጠረጴዛ እግር ያለ ምስማር እንዴት እንደሚያጋጥም በኩራት አሳይቷል። ሌላ አናጢ ቁጭ ብሎ እየተማረበት ቢሆንስ?

“ከየት ነው የሚገባው?”

የከተማዋን ስም ነገረችው። ተወልዶ ያደገባት ከተማ ናት።

“ማስታወቂያውን በነካ ቁጥር የምትከፍለው አንተ ነህ” አለች። “ከተማዋን ማስታወቂያው ከሚታይባቸው ከተሞች ዝርዝር ላስወጣት?”

“ቆይ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ።” ስልኩን አውጥቶ እሷም እንድትሰማ ድምፁን ከፈተ። “እናቴ እዚያ አይደለች? በዚያ አገር አዲስ አናጢ ሱቅ ቢከፍት ከሷ አያመልጥም።”

ከደወለላቸው ሦስት ወር እንዳለፈው ትዝ ያለው ስልኩ ሲጠራ ነው።

“እማዬ፣ እንደምን ነሽ? ጠፋሁብሽ አይደል?”

“ምን ጠፋህ?” አሉ እናቱ። “ዛሬ ጠዋት አይደል እንዴ የመጣኸው!”

“የት ነው የመጣሁት?”

“በስልኬ ነዋ! ዜና ሳይ ጠረጴዛህ ብቅ ይላል፤ ስነካው አንተ ትመጣለህ። አንድ ቀን ሳትዘል ስለምትልክልኝ ተባረክ። ጎረቤቶቼ ሁሉ ቀኑብኝ እኮ።”

የሚስቱ እህት አፏን በእጇ ያዘች። ገጹ የተከፈተ ዕለት ለዘመድ ሁሉ ልከውት ነበር፤ ለእናቱም ጭምር። እሳቸውም አንዴ ከፍተው ሳይገዙ ስለወጡ ማስታወቂያው ይከተላቸው ጀመር።

“እና እስከ መጨረሻው ታይዋለሽ?”

“ታዲያ ሰው እያወራ ጥዬ ልነሳ? ነውር አይደለም? ግን ሳልቆጣህ አልቀርም። ‘እንደምን አላችሁ’ ትላለህ፤ ‘ተመስገን፣ አንተስ?’ ስልህ ወዲያው ስለ እንጨት! አንድ ቀን እንኳን መልሴን አትሰማም። ደግሞ ያ ሰማያዊ ሸሚዝ! ሦስት ወር ሙሉ አንድ ሸሚዝ? ከቸገረህ ለእናትህ መንገር ነው እንጂ ምን ያሳፍራል? ሁለት ሸሚዝ ገዝቼ ወደዚያ የሚመጣ ሰው እያፈላለግሁ ነው።”

አናጢው አፈረ። የጠረጴዛውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ይዳስስ ጀመር።

“ሸሚዝስ አለኝ፣ እማዬ” አለ በመጨረሻ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የሚስቱ እህት ወደ ላፕቶፗ ዞረች።

“ምን ይሻላል፣ ጋሼ? ካላስወጣኋት ገንዘብህ ማለቁ ነው። ካስወጣኋት ደግሞ ነገ ጠዋት አትመጣላቸውም።”

“አስወጫት” አለ።

ቀና ብላ በመገረም አየችው፤ የጨከነ መስሏት ነበር። ግን ያላትን አደረገች።

በማግስቱ ጠዋት አናጢው መላጊያውን ሳይነካ፣ ለሠርግ የሚለብሰውን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ሥራ ቦታው ተቀመጠ። ስልኩን ቫርኒሽ ጣሳው ላይ አስደግፎ በቪዲዮ ደወለ። የእናቱ ግንባርና መነጽር ስክሪኑን ሞሉት።

“እንደምን አደርሽ፣ እማዬ?” አለና፣ ስለ እንጨት አንድ ቃል ሳይተነፍስ መልሳቸውን ጠበቀ።