ሰማዩ የማይዘገይበት ኮምፒዩተር

«ኮምፒዩተር ኮምፒዩተር ነው፤ ምን መምረጥ ያስፈልገዋል?» አለ ካሣዬ፣ የንፍሮውን ባቄላ እየላጠ።

ትርንጎ ከድንኳኑ ጥግ፣ ሰሌን ላይ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ሰማችውና ጥቁር ነጠላዋ ውስጥ ሆና ጥርሷን ነከሰች። አባቷን መለሰን የቀበሩት ትናንት ነው። የሟች ልጅ በሐዘን ድንኳን ውስጥ ታለቅሳለች፤ «እግዜር ያጥናችሁ» ለሚላት ሁሉ አንገቷን ትደፋለች፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አይጠበቅባትም። ከአባቷ ታላቅ ወንድም ጋር ስለ ዕቃ መከራከርማ፣ ያውም የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ፣ ሰፈሩን በሙሉ የሚያስወራ ነውር ነው። አጎቷ ካሣዬ ግን ስለ ዕቃ ማውራት ይችላል። ወንድ ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው፤ ከትናንት ጀምሮ ደግሞ የዚህ ቤት አባወራ እሱ ነው።

«እኛ ቢሮ የገባውን ዓይነት አምጣ» አለው አጠገቡ የተቀመጠውን አንዳርጋቸውን። «ያን አረንጓዴ ፊደል ብቻ የሚያወጣውን። ጽሕፈት ትማርበትና ጸሐፊ አድርጌ አስቀጥራታለሁ። አባት የሌላት ልጅ እንጀራ ያስፈልጋታል።»

«እሺ፣ አያ ካሣዬ። ብቻ መለሰ ራሱ የመረጠው አልነበረም?»

«መለሰ መች መርጦ ያውቃል!»

ይህ እንኳ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እውነት ነበር፤ ትርንጎን ያንገበገባትም እሱ ነው። አንዳርጋቸው የመለሰ የአክስት ልጅ፣ የአውሮፕላን መካኒክ ነው። ለሥልጠና ጀርመን አገር በሄደ ቁጥር «ዘንድሮስ ኮምፒዩተሩን ላምጣልህ?» ይለዋል። መለሰም «ቆይ፣ የሚቀጥለው ይሻላል» ይላል። አንዱ የማስታወስ አቅሙ ጠባብ ነው፤ ሌላው ቀለም የለውም፤ ሌላው ቀርፋፋ ነው። እንዲህ ሲያማርጥ ዓመታት አለፉ። አሁን አንዳርጋቸው ነገ ቀትር ላይ ወደ አዲስ አበባ ይበራል፤ ከዚያ ወደ ጀርመን። ገንዘቡ ተጠራቅሞ ነገሩ ሁሉ ካለቀ ቆይቷል፤ የቀረው «ይህን አምጣ» ማለት ብቻ ነበር።

መለሰ በአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ የአየር ጠባይ ተመልካች ነበር። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ ደመናው ምን ያህል እንደወረደ እሱ ይለካል፤ ለሚያርፈው አውሮፕላን ይነገራል። ዕድሜውን ሙሉ የሌላውን መንገድ ሲያቀና ኖሮ ራሱ አንድም ቀን አልተሳፈረም። ዘመኑ የጦርነት ነው፤ ወንበሩ ለወታደርና ለባለሥልጣን ነው። አዲስ አበባ ለስብሰባ ሲጠራ እንኳ በአውቶቡስ አቧራ ለብሶ ነበር የሚሄደው።

አንድ ጊዜ በከተማው ሕክምና ኮሌጅ የሚያስተምር ፈረንጅ ስሜን ተራራ ሊወጣ አስቦ ስለ ዝናቡ ሊጠይቀው መጣ። ተግባቡና ፈረንጁ መለሰን ቤቱ ጋበዘው፤ ትርንጎም አብራ ሄደች። በፈረንጁ ጠረጴዛ ላይ ኮምፒዩተር ነበረ፤ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ደግሞ በመሪ የሚበር የጨዋታ አውሮፕላን። የፊት መስታወቱ ከነአድማሱ፣ የከፍታ መለኪያው፣ ነዳጁ፣ ሁሉም አለ። የሚነሡበት ሜዳ ሐይቅ ዳር ባለች የአሜሪካ ከተማ ነበር። መለሰ አንዴ አየና፦

«ይህ ጣና ነው፤ ማረፊያውም አዘዞ» አለ።

«አባዬ፣ አዘዞ ሐይቅ ዳር ነው እንዴ?»

«ክረምቱ ሲበረታ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄዱ ጣና ውስጥ ይወድቁ ጀመር። ጥፋቱ የማሽኑ ነበር። መሪውን ሲያዞሩት አድማሱ ቆይቶ ነው የሚዞረው፤ ልክ ነኝ ሲሉ ውኃ ውስጥ ናቸው። «ሰማዩ ከእጅሽ ከዘገየ ሞተሻል» ይላት ነበር መለሰ። ፈረንጁ አገሩ ሲገባ ኮምፒዩተሩን ይዞ ሄደ፤ ለእነሱ የተዋቸው ያረጁ የኮምፒዩተር መጽሔቶች ብቻ ነበሩ። አባትና ልጅ እነዚያን መጽሔቶች ዳር ዳራቸው እስኪያልቅ ድረስ አነበቧቸው። ትርንጎ አብራሪ መሆን እንደምትፈልግ የነገረችውም ያኔ ነው። መለሰ አልሳቀም። «ሴት አይቀበሉም ይላሉ፤ እስኪቀበሉሽ ድረስ እቤትሽ ትበሪያለሽ» አላት።

ከመታመሙ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በስንት መከራ፣ ቁርጥ አድርገው መረጡ። ለአንዳርጋቸው ሊደውል ስልክ ቤት ለመሄድ ጫማውን ሲያስር ብርድ ብርድ አለው፤ «ነገ እሄዳለሁ» ብሎ ተኛ። አልተነሣም። ምርጫውን የምታውቀው ትርንጎ ብቻ ነበረች፤ እሷን ደግሞ የጠየቃት የለም።

ከምሳ በኋላ አንዳርጋቸው ከድንኳኑ ኋላ እጁን ሲታጠብ ጣሳውን ከሰው እጅ ተቀብላ ታስታጥበው ጀመር።

«ጋሼ አንዳርጋቸው፣ አባዬ እኮ መርጦ ነበር።»

«እህ?»

«ባለ ቀለሙን ነው። የማስታወስ አቅሙ ስድስት መቶ አርባ ኪሎባይት፣ ፈጣኑን፣ ደግሞ…»

«ቆይ፣ ቆይ። ካሣዬ ሌላ ነው ያለኝ። አሁን እሱን እምቢ ብለው በወንድሙ ለቅሶ ተጣላው ነው የምባለው። እሱን አሳምኚው፣ እኔ መች ጠላሁ።»

ካሣዬን ለማሳመን ሞከረች። ከጓዳ በር ላይ ጠብቃ «ጋሼ» ስትለው ግንባሯን ሳመና «ለአንቺ ብዬ ነው እኮ፣ በጨዋታ ማን በላ?» ብሏት አለፈ። ክፉ ሰው ቢሆን ይሻል ነበር፤ ክፉን መጥላት ይቻላል። እናቷን እቴነሽን ስትነካት ደግሞ እቴነሽ ያበጠ ዓይኗን ሳትገልጥ «ልጄ፣ አሁን ምንም አይሰማኝ፤ ተይኝ» አለቻት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ትርንጎ ወደ ሰሌኗ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ያን ዕለት ያልተናደደችበት ሰው አልነበረም፤ ከሁሉ ይልቅ በሟቹ። ምነው ያን ጫማ አስሮ ቢጨርስ!

የሣልስቱ ዕለት ጧት የአምባ ጊዮርጊስ ዘመዶች ደረሱ። የይለፍ ወረቀት ሲጠብቁ ቀብሩ አምልጧቸዋል። ቀብር ያመለጠው ዘመድ መጥቶ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ለቅሶውን እንደገና ያስነሣል። ከፊት ከፊት የሚሄዱት የአንዳርጋቸው እናት እማማ አየለች ነበሩ፤ በወገራ የታወቁ አልቃሽ። ግቢው መሐል ቆሙና፦

«ዕቃው ይውጣ!» አሉ። «ጠመንጃው የታል? ፈረሱስ? በምኑ ላልቅስለት?»

«አክስቴ፣ የከተማ ሰው እኮ ነው» አለ ካሣዬ አፍሮ። «ፈረስ አልነበረውም።»

«ምነው! እንዲያ ያለ ሸጋ ሰው ያለ ዕቃ ኖረ?»

የመሥሪያ ቤት የዝናብ ልብሱ ወጣላቸው። እማማ አየለች አገላብጠው አዩት፤ ብዙም ደስ አላላቸው። ቢሆንም ባለሙያ ናቸውና ልብሱን ከፍ አድርገው ያዙ፦

«ለበራሪው ሁሉ ነፋስ ተናጋሪ፣
ራሱ ሳይሳፈር ሆነ አፈር አዳሪ።»

ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ተቀበሏቸው። ከዚያ እማማ አየለች ወደ ሰሌኑ ዞሩ።

«ልጅቱ ትበል! የአባቷን ዕቃ እሷ ታውቀዋለች።»

«አልችልም፣ እማማ።»

«ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም። ተነሽ!»

ትርንጎ ተነሣች። ክበቡ መሐል ገባች። አጎቷን ከወንዶቹ መሐል አየችው፤ አንዳርጋቸው ሻንጣውን እግሩ ሥር አድርጎ ቆሟል። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባት። ለቅሶ መሐል የቆመ ሰው የፈለገውን ይላል። አጎትም ቢሆን፣ የቀበሌ ሊቀ መንበርም ቢሆን፣ የሚያለቅስን ሰው አያቋርጥም።

«አባቴ የመረጠው ባለ ቀለሙን ነው፣
አረንጓዴ ፊደል ለጸሐፊ ይሁነው።»

«ወየው! ወየው!» አሉ ሴቶቹ። ካሣዬ ቀና አለ።

«እጄ ሲዞርበት ሰማዩ ካልዞረ፣
በከንቱ ነው አባቴ ሲመኝ የኖረ።»

«ወየው!»

ከዚህ በኋላ ቤት መምታቱ ጠፋት። ጊዜ ደግሞ አልነበራትም፤ አንዳርጋቸውን ወደ አዘዞ የሚወስደው መኪና በር ላይ ጡሩንባውን ነፍቷል። ስለዚህ ደረቷን እየመታች እንዲያው ተናገረችው። «ስድስት መቶ አርባ ኪሎባይት፣ አባቴ! ፈጣኑን ነው ያልከው፣ አባቴ! ከቢሮው ዓይነት አይደለም ያልከው፣ አባቴ!» ኪሎባይት ምን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም፤ ብዙ እንደሆነ ግን ለሁሉም ገባቸው፤ በዚያው ልክ ጮኹለት። «አባቴ» የሚለውን ደጋግማ ስትጠራ ግን ድምፅዋ ተሰበረ። ከሞተ ወዲህ ሁሉን ነገር በንዴት ይዛው ቆይታ ነበር፤ አሁን ንዴቱ ለቀቃትና መሬት ላይ ተቀምጣ እንደ ሕፃን አለቀሰች። እቴነሽ ከሰሌኑ ተነሥታ መጥታ አቀፈቻት።

ለቅሶው ሲበርድ እማማ አየለች ፊታቸውን እየጠረጉ፦

«ይህን የሚበር ነገር የሚያመጣው ማን ነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ» አለ አንዳርጋቸው።

«ታዲያ ያለችውን አምጣላታ!»

«አክስቴ» አለ ካሣዬ፣ «አይበርም እኮ! ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ነው!»

«ምነው አይበርም? ወንድምህ ሲመኘው የኖረውን በአደባባይ አልቅሳበታለች። የተለቀሰበት ዕቃ አይለወጥም!»

ካሣዬ ዙሪያውን ቃኘ። ወገራ በሙሉ እሱን እያየ ነበር። ላቡን ጠረገና ወደ ትርንጎ ጎንበስ አለ።

«እሺ፤ ያ ባለ ቀለሙ ጽሕፈትስ ይጽፋል?»

«ይጽፋል፣ ጋሼ።»

«ይጽፋል? ታዲያ ይህን ቀድመሽ አትነግሪኝም ነበር?»

ትርንጎ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ተነሣች።

አንዳርጋቸው ሻንጣውን አንሥቶ በሩ ድረስ ጠራት። ያለችውን አንድ በአንድ አስደገማት፤ ራሱም ደገመው። ሾፌሩ እየተቆጣ ነበር።

«በይ፣ በእጅ የሚያዘው መሪስ? ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሆኖ ሊያበርበት ይችላል ይላሉ። ስንት ላምጣ?»

ትርንጎ ሁለት ጣቷን አነሣች። አንዳርጋቸው እሺ ብሎ ወደ መኪናው ዞረ።

«ጋሼ!» ብላ ጠራችው።

ዞሮ አያት። አንዱን ጣቷን አጠፈች።