ግራ ጫማ ብቻ የተገኘበት ድንጋይ

ሕይወት ከምን እንደተሠራ ከምሁራን ሁሉ ቀድሜ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ባቆምም፣ እውነት እውነት ነው።

አክስቴ ላቦራቶሪ ውስጥ ትመራመራለች፤ እኔ ብልቃጥ አጥብላታለሁ። ቤት ውስጥ ሞልቃቃ አድርጋ ያሳደገችኝ እሷው ናት፤ ሥራ ላይ ግን ፊቷ እንደ ተቆለፈ በር ነው። «ያለ ጓንት ምንም እንዳትነኪ» ሳትለኝ የምትውልበት ቀን የለም።

ስንት ዘመን ስትለምን ኖራ፣ በመጨረሻ ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ ተላከላት። ድንጋይ ማለት እንኳ ማጋነን ነው፤ ከምስር የማይበልጡ ሁለት ፍርፋሪዎች። ምድርና ጎረቤቶቿ ፕላኔቶች ገና ጨቅላ ሳሉ እንዲህ ያለው ድንጋይ እንደ ዝናብ ይወርድባቸው ነበር አለችኝ። በውስጡም በረዶና አቧራ በከዋክብት ብርሃን ሲበስሉ የተፈጠሩ ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ የሥጋችን ጡቦች በያቸው፣ አለች።

«ካላገኘሻቸውስ?» አልኳት።

«ላቦራቶሪውን ለሌላ ሰው ይሰጡታል። ነግረውኛል።»

ይህን ስትል አንጀቴን በላችው።

በማግስቱ አንዱን ፍርፋሪ ልትፈትሽ ተነሳች። ጀርባዋን ዞር ስታደርግ እኔ ጎንበስ ብዬ ሳምኩት። «አደራህን፣ እትዬን እንዳታሳፍራት» አልኩት። ጓንቴን አላወለቅኩም፤ ሕግ አክባሪ ነኝ።

መሣሪያው ውጤቱን ሲያወጣ ጡብ በጡብ ሆነ። እኔ እልል ልል አፌን ስከፍት፣ እሷ ወንበሯ ላይ ዘጭ አለች።

«ምነው እትዬ፣ ተገኘ አይደል እንዴ?»

«ተገኘማ። የተገኘው ግን ግራ ግራው ብቻ ነው።»

«የምን ግራ?»

«እነዚህ ነገሮች እንደ ጫማ ግራና ቀኝ አላቸው። ሰማይ ላይ ሲሠሩ ሁለቱም ይሠራሉ። ሕይወት ያለው ነገር ግን የሚጫማው ግራውን ብቻ ነው።»

«ታዲያ ሁላችንም አንካሶች ነና።»

አልሳቀችም። «ሕይወት ያለው ነገር ነክቶታል» አለች።

ሁለቱንም እጄን ዘረጋሁላት። «ጓንቴ ይኸው።»

ጓንቴን አየች። ቀስ ብላ ደግሞ ከንፈሬን አየች።

«አንቺ፣ ምን አድርገሽ ነው?»

«ሳምኩት። ላንቺው ብዬ ነው።»

ትጮህብኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሷ ግን ጎትታ ደረቷ ላይ ለጠፈችኝና «ምን ላድርግሽ አሁን አንቺን?» አለችኝ። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አለየልኝም።

ሁለተኛውን ፍርፋሪ ልትፈትሽ ስትል አፌን በጭምብል ሸፍና ማዶ ጥግ አስቀመጠችኝ። መሣሪያው እስኪጨርስ እሷ ትንጎራደዳለች፤ እኔ ጥፍሬን እንዳልበላ እንኳ አፌ ታሽጓል። ውጤቱ ወጣ። የተገኘው ጥቂት ነው፤ ግን ግራውም ቀኙም እኩል።

«የሰማይ ነው» አለች በሹክሹክታ። ከዚያ ያቺ ኮስታራ ሴትዮ እንደ ሕፃን ዘለለች፤ ጭምብሌንም ጉንጬንም አንድ ላይ ሳመች።

ደስ ብሏት ሳለ ልጠቀምበት ብዬ፣ «እንግዲህ እኔ የሳምኩት ባይኖር የዚህኛው ንጹሕነት በምን ይለይ ነበር? ጽሑፉ ላይ ስሜ መግባት አለበት» አልኳት።

«ይገባል» አለች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ። «‹ቆሻሻ› ከሚለው ሥር።»