የጥሩነሽ አውራ ጣት

ከአዲስ አበባ የመጣው መልስ ሲነበብላት የወይዘሮ ጥሩነሽ ደም ፈላ። መምህር ገብረ መድህን ሱቋ ደፍ ላይ ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበላት። የዕርዳታ መሥሪያ ቤቱ ለሴት ልጆች ትምህርት ቤት ቆርቆሮ እንዲሰጥ የቀረበለትን ማመልከቻ ተመልክቷል፤ ነገር ግን የሚረዳው በራሱ ጉልበት ሥራ የጀመረን ሕዝብ ብቻ ነው፤ አመልካቾቹ ምንም የሌላቸው መሆኑን በራሳቸው አፍ ስለ ገለጹ፣ ሥራ ሲጀምሩ ተመልሰው ያመልክቱ ይላል።

«ማነው ያልጀመረው?» አለች ጥሩነሽ።

እውነቷን ነው። ከጥር ጀምሮ የአሰላ ሴቶች፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ከወንዝ ድንጋይ በጀርባቸው ሲያመላልሱ ከርመዋል። ፋጡ በሁለት አህዮቿ ውኃ ቀድታለች። አናጢው ሁሴኖ በሩንና መስኮቱን ሳንቲም ሳይቀበል ሠርቷል። በደቦ ጭቃው ተረግጦ አራቱም ግድግዳ ተመርጎ ቆሟል። የቀረው ጣሪያው ነው። በሣር እንዳይከድኑት የትምህርት ሹሙ ቆርቆሮ ለሌለው ቤት አስተማሪ አልመድብም ብሏል። የወንዶቹ ትምህርት ቤት ደግሞ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ የጥሩነሽ ልጅ ፅጌረዳ ዘንድሮም ዓመቷን ልታቃጥል ነው። ግንቦት አልቋል። በጭላሎ ራስ ላይ ደመናው በየቀኑ እየጠቆረ ነው፤ ያልተከደነ ጭቃ ደግሞ ዝናብ አይችልም።

ገብረ መድህን አዲስ ማመልከቻ እኔ ልጻፍልሽ ቢላት እምቢ አለች። የመጀመሪያዋን ጽፎ ያበላሸው ያስተካክላት እንጂ። ነጠላዋን አጣፍታ በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤቱ ሄደች።

አቶ ተክለወልድ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ለባለጉዳይ ማመልከቻ ሲጽፉ ሠላሳ ዓመት የሆናቸው ሽማግሌ ናቸው። ደብዳቤውን አነበቡና አላፈሩም፤ ጭራሽ ተገረሙ። እንባ የሌለው አቤቱታ ማን ይሰማል? ልጅ እንኳ ካላለቀሰ ጡት አያገኝም። ዳኛ ፊት «አለኝ» ያለ ሰው «ያለህን ይዘህ ሂድ» ሲባል ስንት ጊዜ አይተዋል። ይህን ሁሉ እንደ ሕፃን እያስረዷት የማመልከቻውን ግልባጭ ከመሳቢያቸው አወጡና በኩራት አነበቡላት፦ «እኛ የአሰላ ደካሞች፣ የምንበላው የምንለብሰው የሌለን፣ ባዶ እጃችንን ከእግርዎ ጫማ ሥር ወድቀን...»

ሰው ለራሱ ሙሾ ሲወርድለት ቆሞ መስማት ይከብዳል። ጥሩነሽ ጠረጴዛውን ልትገለብጠው ምንም አልቀራት።

«ስለ ድንጋዩ ነግሬዎት ነበር። ስለ ግድግዳው ነግሬዎት ነበር።»

«ነግረሽኛል። እሱን ብጽፈው ማን ያዝንልሻል?»

«እንዲያዝንልኝ ማን ጠየቀ? ቆርቆሮ ነው የጠየቅሁት።»

ተክለወልድ ወረቀቱን አዙረው ከግርጌው ያለውን ሐምራዊ የጣት አሻራ አሳዩዋት። የእሷ ነበር። ማመልከቻው የተጻፈ ቀን «ላንብብልሽ?» ብለዋት ነበር። ወረፋ የያዘው ሰው ፊት ፊደል አለመቁጠሯ እንዲወራ ስላልፈለገች፣ የጻፉት ይበቃል ብላ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነክራ ነበር። ከዚህ በኋላ በማን ትቆጣ? በተክለወልድ የጀመረው ንዴት ተመልሶ እሷኑ አቃጠላት፤ የራስ ንዴት ደግሞ መውጫ የለውም።

ሽማግሌው ሥራ በዝቶብኛል ብለው ለሰኞ ቀጠሯት። ዝናቡ ለሰኞ አልጠበቀም። ዓርብ ከቀትር በኋላ ጀመረና እስከ እሑድ ሳያባራ ወረደ።

ሰኞ ጠዋት ጥሩነሽ ተክለወልድን ከጠረጴዛቸው አስነስታ ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ወሰደቻቸው። ሴቶቹ ቀድመው ተሰብስበው ነበር። የሦስቱ ግድግዳ ጭቃ ታጥቦ መሬት ላይ ተከምሯል፤ እንጨቱና ማገሩ እንደ ከብት ጎድን ገጥጧል። ፋጡ ቁጢጥ ብላ ጭቃውን ትነካካለች። ሁሴኖ በሩን በጀርባው አዝሎ የሚያስጠጋበት ጥግ ይፈልጋል።

ተክለወልድ ጃንጥላቸውን እንደ ዘረጉ ዙሪያውን ተመለከቱ። «እንግዲህ የጻፍሁት እውነት ሆነ» አሉ ቀስ ብለው።

ጥሩነሽ በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ባይሆኑ ምን ታደርጋቸው እንደ ነበር እግዜር ያውቃል። ከመሠረቱ ድንጋይ አንዱን በእጇ ጠረገችና «ይቀመጡና ይጻፉ» አለቻቸው። ተቀመጡ። ብዕራቸው ከልማዱ «ከእግርዎ ጫማ ሥር» ብሎ ሲጀምር ከሴቶቹ ጋር የመጣው ገብረ መድህን በትከሻቸው በኩል አይቶ ነገራት፤ አሰረዘቻቸው። ከዚያ እሷ ስትናገር እሳቸው ጻፉ።

«ግድግዳውን መርገን ነበር፤ ጣሪያ ስለሌለው ዝናብ አጠበው። እንጨቱ ቆሟል። መሠረቱ በጀርባችን ያመጣነው ድንጋይ ነው። በሩና መስኮቱ ተሠርቶ ተቀምጧል። ጭቃውን እንደገና እንመርገዋለን። እናንተ ቆርቆሮውን ስጡ። ካላመናችሁ ሰው ልካችሁ እዩ።»

«ይነበብ» አለች። ተክለወልድ አነበቡ፤ ሁሴኖ ለእነፋጡ በኦሮምኛ ተረጎመላቸው። ከመካከል «እኛ ደካሞች» የምትል ቃል ሾልካ ተሰማች። ጥሩነሽ ይህንንም አሰርዛ ከመጀመሪያው አስነበበች። ለሦስተኛ ጊዜም አስነበበች፤ የሚያፍር ይፈር ብላ።

ተክለወልድ የቀለሙን ቆርቆሮ ከፍተው ዘረጉላት። እሷ ግን ጎንበስ ብላ አውራ ጣቷን ከወረደው ጭቃ ላይ አሸችና ከጽሑፉ ግርጌ ተጫነች። ያለ ቀለም ደንብ አይደለም፣ አይቀበሉትም አሉ ሽማግሌው።

«አዲስ አበባ ያሉት ምንም የላችሁም ብለውናል» አለች ጥሩነሽ። «ያለንን ይዩት።»

ፋጡም ከጎኗ ጎንበስ ብላ ጣቷን ጭቃው ውስጥ ከተተች።