ያልተመደበው አማች

በእጮኛዬ ቤት ሰው ማዕድ ላይ የሚቀመጠው እንደ ዕድሜው ወይም እንደ ክብሩ አይደለም፤ እንደ መደቡ ነው። አባቷ ዕድሜ ልካቸውን ስለ እንስሳት ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ሳይቀሩ "መምህር" ነው የሚሏቸው። ጡረታ ሲወጡ ተማሪዎቹን ይዘው መውጣት ስላልቻሉ እንስሳቱን ይዘው ወጡ። ሳሎኑ የደረቁ እንስሳት በያዘ ብልቃጥና ባለ መስታወት ሣጥን ተሞልቷል፤ እንግዳ ክርኑን የሚያሳርፍበት ቦታ የለም።

ሁሉም የጀርባ አጥንት የሌላቸው ናቸው።

"አጥንት ያለውንማ ማን ያጣዋል?" ይላሉ መምህር። "ዓሣ፣ እንቁራሪት፣ እባብ፣ ወፍ፣ ላም፤ አለቀ! የቀረው ዓለም በሙሉ አከርካሪ የለውም። አስታዋሽም የለውም።"

በገበታው ራስ መምህር ይቀመጣሉ። ከጎናቸው ባለቤታቸው አሉ፤ መደባቸው ኦክቶፐስ ነው። "ስምንት እጅ ባይኖራት ይህን ቤት እንዴት ትችለው ነበር?" ይላሉ መምህር፣ እንደ ሙገሳ። እጮኛዬ ንብ ናት። በር ሥር፣ ሳህን በሚመላለስበት ጥግ፣ የታላቅ እህቷ ባል ይቀመጣል። እሱ ልጅ ሊጠይቅ በመጣ ጊዜ ሸረሪትን ከዝንብ ጋር ስለመደበ ሰፍነግ ተባለ። ሰፍነግ ከባሕር ወለል ላይ ተጣብቆ፣ ሳይንቀሳቀስ፣ በአጠገቡ የሚያልፈውን እያጣራ የሚኖር እንስሳ ነው። ሰውየው መጀመሪያ ከፍቶት ነበር አሉ። በኋላ ግን ሳህኑ ሁሉ በእሱ በኩል እንደሚያልፍ ሲያይ ለመደው።

"ወንበር ካላገኘህ ሠርግ የለም" አለችኝ እጮኛዬ። "አባዬ ሳይመድበው እዚህ ቤት የገባ ሰው የለም።"

እኔ ተባይ አጥፊ ነኝ። በእኛ ሥራ እንስሳ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሰው ስልክ የደወለበትና ያልደወለበት። ስለዚህ እጮኛዬ አውቶቡስ በምንጠብቅበት ቦታ ታስጠናኝ ጀመር።

"እግሩን ቁጠር። ስድስት ከሆነ ነፍሳት ነው። ስምንት ከሆነ ከነሸረሪትና ከነጊንጥ ወገን ነው። እግር ከሌለው ደግሞ አትቸኩል፤ ትልም ይሆናል፣ ቀንድ አውጣም ይሆናል።"

"ኮከብ ዓሣስ?"

"ዓሣ ብለህ ብትመድባት ያን ቀን ተለያየን።"

ቀኑ ደረሰ። ቤተሰቡ ተሰብስቦ መምህር ብልቃጦቹንና ሣጥኖቹን ገበታው ላይ ደባልቀው አቀረቡልኝ። ከግንባሬ ላይ ላብ እየጠረግሁ ጀመርኩ። ሰፍነግን ለብቻው አኖርኩት፤ ባለ ወንበሩ ሰፍነግ በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ። ጄሊፊሽን ለብቻ። የመሬት ትልን ከአልቅት ጋር። ቀንድ አውጣን፣ ቅርፊቱ ሳያታልለኝ፣ ገላቸው ለስላሳ ከሆኑት ከነኦክቶፐስ ጎን አደረግሁ፤ የወደፊት አማቴ ፈገግ አሉ። ኮከብ ዓሣን እሾሃም ቆዳ ካላቸው መደብኳት። ጊንጡም ሸረሪቱም ቦታቸውን ያዙ። መምህር መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉ። እጮኛዬ ከገበታው በታች እግሬን ነካችኝ፤ ትንሽ ቀረህ ማለቷ ነው።

የቀረው አንድ የቢራቢሮ ሣጥን ብቻ ነበር። ሳነሳው ከሥሩ ዱቄት የመሰለ ነገር አየሁ። ከዱቄቱ መሐል ጠጉራም ትንሽ እጭ እየተንፏቀቀች ወጣች። አመል ያወጣል ከመሐል ይባል የለ? እጄ ከአሳቤ ቀድሞ በአውራ ጣቴ ደፈጠጥኳት።

መምህር መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ።

"የት ነበር የምትመድባት?" አሉ መምህር ቀስ ብለው።

"ማንን ጋሼ?"

"አሁን የደፈጠጥካትን!"

አውራ ጣቴን ያዙና በአጉሊ መነጽር መረመሩት። ከዚያ ሣጥኑን ከፈቱት። ቢራቢሮዎቹ ሁሉ ተበልተው የቀረው መርፌው ብቻ ነበር። ሌላውንም ከፈቱ፤ ያው። ለካ መምህር ለዓመታት በመስታወቱ ላይ የለጠፉትን ስም ሲያነብቡ ኖረው ውስጡን አላዩም። ያለቅሳሉ ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን ዓይናቸው በራ።

"ይህን ጠጉር አላውቀውም" አሉ። "አዲስ ሳይሆን አይቀርም!"

"ብል ነው" አሉ ባለቤታቸው።

"ብል ማለት ሥራው እንጂ መደቡ አይደለም! አንድን ሰው ሌባ ብትይው የማን ልጅ እንደሆነ ነገርሽኝ?"

"የማንም ልጅ ይሁን፣ ምንጣፌን በላ!"

መምህር ፈረዱ፤ መደቡ እስኪታወቅ ማንም መድኃኒት እንዳይረጭ። እኔም ወንበር እንዳይሰጠኝ። "ሳይለይ የሚደፈጥጥ ሰው ከየትኛውም መደብ አይገባም" አሉ።

ከዚያ ወዲህ በሄድኩ ቁጥር ቆሜ ነበር የምበላው። ብሉ ግን ተደላድሎ በላ። ምንጣፉን ጨርሶ ወደ መጋረጃው ወጣ። የሰፍነግ ኮት ጀርባው ተቀደደ፤ እሱ ግን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። መምህር ለመመርመር ሙሉ እጭ ቢፈልጉም የሚያገኟቸው ሁሉ ጥግ ገብተው ስለሚያመልጧቸው በየቀኑ ይበሳጩ ነበር። በመጨረሻ አንድ ቀን የድሮ ባልደረቦቻቸውን ሊያማክሩ ወጡ።

በሩ እንደተዘጋ አማቴ ክንዴን ያዙኝ።

"ልጄ፣ መርጫህን ይዘሃል?"

"ቦርሳዬ ውስጥ ነው እማማ። ግን መምህር ከልጅዎት ይለዩኛል።"

"ልጄ ለሠርጓ የምትለብሰው ቀሚስ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነው። ብሉ ዛሬ ማታ እዚያ ይደርሳል። ምረጥ።"

እጮኛዬን አየኋት። "እርጭ" አለች። "አባዬ ካባረረህ አብሬህ እወጣለሁ።"

ከጣሪያ እስከ ወለል ረጨሁት።

መምህር ሲመለሱ ሽታው ከበር ተቀበላቸው። መርጫዬን ከኋላዬ ደበቅሁ። እሳቸው ግን ወለሉ ላይ ተንበረከኩና ወረንጧቸውን አወጡ። አንዷን አነሱ። ሌላዋን አነሱ። እጩም፣ ከእጩ ያደገው ጥንዚዛም በያለበት ወድቋል።

"እግሯ ሙሉ ነው" አሉ ለራሳቸው። "ጠጉሯ አልተነካም። ስንት ቀን ስለምናት እምቢ ያለችኝ!" ቀና ብለው አዩኝ። "አንተ ልጅ፣ ያን ዕለት ያጠፋኸው መግደልህ መሰለህ? ዙሪያህን ተመልከት፤ እዚህ ቤት በሕይወት ያለ ነገር አለ? ጥፋትህ መደፍጠጥህ ነበር።"

ከዚያም ወደ ጓዳ ጮኹ፤ "ወንበር አምጡለት!"

"ከማን ጎን?" አሉ አማቴ።

መምህር አጉሊ መነጽሩን ወደ እኔ አዙረው መረመሩኝ። በመነጽሩ በኩል ያየኝ ዓይናቸው ሳህን ያህል ነበር።

"ገና አልተመደበም" አሉ። "ለጊዜው በቅርብ እንዳየው ከእኔ አጠገብ ይቀመጥ።"

ሰፍነግ ከበሩ ሥር ሆኖ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ። የእኔ ሳህን ግን በእሱ በኩል አልፎ እስኪደርሰኝ ግማሹ ጎድሎ ነበር።