ጋዙ ከጋላክሲው በለጠ

በዚያ የምርምር ተቋም አንድ ጽሑፍ ለመጽሔት ከመላኩ በፊት ሠንጠረዡ ጮክ ተብሎ ይነበባል። አድማጩ ከሌላ ቡድን የሚመጣ ሰው ነው። ዓይን የለመደውን ስህተት ጆሮ ይይዘዋል ይባላል። ባልደረቦቿ «ሹክሹክታ» የሚሏት ወጣት ተመራማሪ ግን ንባቡን እንደ ጥርስ ነቃይ ትፈራው ነበር። የሁለት ዓመት ሥራዋ በንባቡ ማግስት እስከ እኩለ ቀን ካልገባ የመጽሔቱ ልዩ እትም ያመልጣታል፤ ምርቃቷም ለአንድ ዓመት ይገፋል።

አድማጯ እትዬ ሚዛን ሆኑ። ጡረታ ሊወጡ ሦስት ወር የቀራቸው የስሌት ባለሙያ ናቸው። ቅጽል ስሙን ማን እንዳወጣላቸው አይታወቅም፤ እሳቸው ግን ወደውታል።

«ነይ ቁጭ በይ። ድምፅሽንም ከቦርሳሽ አውጪው» አሏት።

ሹክሹክታ ጉሮሮዋን ጠርጋ ጀመረች። ሁለት ጋላክሲዎች ተጋጭተው አንድ ሊሆኑ ተቃርበዋል። መሃላቸው ላይ ጋዝ ተከማችቶ በየዓመቱ የመቶ ፀሐይ ክብደት ያህል ኮከብ ይወለዳል። ከሽክርክሪቱ ፍጥነት ሲሰላ የመሃሉ ጠቅላላ ክብደት አሥር ቢሊዮን ፀሐይ ነው።

«የጋዙ ክብደት፣ አሥራ አምስት ቢሊዮን» ብላ ቀጠለች።

«ቆይ እስቲ። ኮከቡም ጋዙም አንድ ላይ አሥር፣ ጋዙ ብቻውን አሥራ አምስት?»

ሹክሹክታ ቁጥሩን በጣቷ ተከትላ እንደገና አየችው።

«የኔ ልጅ፣ ፅንስ ከእናቱ ከብዶ ያውቃል?»

ቀዝቃዛ ሃይድሮጅን ራሱ አይታይም፤ አብሮት ያለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ብርሃን ተለክቶ በአንድ ቁጥር ሲባዛ የጋዙ ክብደት ይገኛል። ሹክሹክታ ፕሮግራሙን የጻፈችው ከሦስት ዓመት በፊት፣ እንደ እኛው ጋላክሲ ረጋ ያሉትን ስታጠና ነው። ቁጥሩ ያኔ እንደገባ ቀርቷል። በተጋጩት መሃል ግን ጋዙ ስለሚሞቅና ስለሚናወጥ ከክብደቱ በላይ ያበራል፤ ቁጥሩ ወደ አንድ አምስተኛ መውረድ ነበረበት። ይህንን ደግሞ በጽሑፏ መግቢያ ላይ አንድ ሙሉ ገጽ ሰጥታ ያብራራችው እሷው ናት።

«የጎረቤት ልክ ይዘሽ ልብስ ቆረጥሽ» አሉ እትዬ ሚዛን።

«አርእስቱ እኮ ‹ያልተጠበቀ የጋዝ ክምችት› ነው የሚለው። አማካሪዬ ለስንቱ ሰው አውርተዋል።»

«ታዲያ ጋዙ ለእሳቸው ይሉኝታ ሲል አይጨምር።»

እዚያው እንደተቀመጠች ለአምስት አካፈለችው። ሦስት ቢሊዮን። በዓመት መቶ ከወጣበት ደግሞ በሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ያልቃል፤ ለጋላክሲ ዕድሜ የዓይን ጥቅሻ ነው። በጋዝ ሀብታም ያለቻቸው ጋላክሲዎች ያላቸውን ባንዴ የሚጨርሱ ሆነው ተገኙ።

«ሠርግ ላይ ናቸዋ» አሉ እትዬ ሚዛን።

አማካሪዋ ነገሩን ቆመው ሰሙ። መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጠረጉት።

«ድምዳሜው ሁሉ እንደ አዲስ ይጻፋል፤ ለነገ አይደርስም። የመጽሔቱን አዘጋጅ ጥቂት ቀን እለምነዋለሁ። እንቢ ካለ ግን ምርቃትሽ ይገፋል። ወይ ደግሞ እንዲሁ ልከነው በኋላ እናርመዋለን፤ አንቺ ምን ትያለሽ?»

ሹክሹክታ ለእናቷ ስለ ምርቃቱ ምን ብላ እንደምትነግራቸው አሰበች። ቀሚሳቸውን አሰፍተው ጨርሰዋል።

«ይገፋ» አለች።

አዘጋጁ እንቢ አለ። እናቷ ቀሚሱን አጥፈው ሲያስቀምጡ «እንኳንም ሰው ነገረሽ። ሳይነግሩሽ ቢስቁብሽስ?» አሏት። ሹክሹክታም ማታ ስትተኛ ያንን አሥራ አምስት ቢሊዮን ስሟን ተሸክሞ አገር ላገር ሲዞር ታየዋለች፤ ተመስገን ብላ ወደ ግድግዳው ትዞራለች።

ጽሑፉ በሌላ አርእስት ሲወጣ እትዬ ሚዛን ጡረታ ወጥተው ነበር። ቤታቸው ድረስ ወሰደችላቸው። ጋላክሲዎቹን ያየው ቴሌስኮፕ ሳይቀር የሚመሰገንበትን የምስጋና አንቀጽ ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ከቴሌስኮፑ በፊት አስቀመጥሽኝ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እሱስ ቅር አይለውም» አሉና በረንዳው ላይ ጥላ ወዳለበት ወንበር ሳቡላት።