የአሥራ ዘጠኝ ቤት የባትሪ ድንጋይ

ሳፊያን ከአውቶቡስ ያስወረዳት ደብተሯ ነው። ወንጀሏ ይሄው! በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ሰው በስም ዝርዝር በሚለቀምበት ጊዜ፣ የአሥራ ዘጠኝ ሰው ስም ከነቁጥሩ ጽፋ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትወጣ ኬላ ላይ ተያዘች።

አብዮት ጠባቂው ቀለሙ ጠመንጃውን አንግቶ ደሴ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ድረስ ነዳት። ሊቀመንበሩ ጓድ ወርቅአፈራሁ ካፖርቱን እንደደረበ እጁን ያፋትጋል፤ የደሴ ጠዋት መቼም አይጣል ነው። ደብተሩን ገለጠና ስሞቹን ዘሎ ቁጥሩ ላይ ተተከለ።

«አርባ፣ ሃምሳ ሁለት፣ ሠላሳ ስምንት... ምንድን ነው? ለየሰዉ የታደለ ጥይት ነው?»

«ወላሂ ሰከንድ ነው!»

«የምን ሰከንድ?»

«የኬሚስትሪ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አስተማሪዋ፣ በሬዲዮ ድንጋይ ውስጥ ያለው ጥቁር ዱቄት ቁስል ላይ አረፋ የሚደፍቀውን የክሊኒክ መድኃኒት ኦክሲጅኑን ቶሎ እንዲለቅ ያጣድፈዋል፣ እሱ ራሱ ግን አያልቅም ብለው ነበር። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ማሳያ ዱቄት የለም። ሳፊያ ደግሞ ሳታይ የምታምን ልጅ አይደለችም። ኮምቦልቻ ሰፈሯን ዞራ ያለቀ ድንጋይ ለመነች፣ ቀጥቅጣ ዱቄቱን አወጣች፣ የእያንዳንዱ ቤት ድንጋይ አረፋውን በስንት ሰከንድ የጠርሙሱ አንገት ላይ እንደሚያደርስ ለካች። ዱቄቶቹን በቁጥር ጠቀለለቻቸው፤ የማን የማን እንደሆኑ ግን ደብተሩ ላይ ጻፈች። ጥቅሎቹን፣ መድኃኒቱንና ባዶ ጠርሙስ ይዛም ለአስተማሪዋ ልታሳይ ወደ ደሴ ወጣች። ጎረቤቶቿን እሳት ውስጥ እየጨመረች መሆኗ መች ታያት!

«ካላመኑኝ ሰዓትዎን ያውልቁ» አለች። «የፈለጉትን ጥቅል ይስጡኝ።»

አንደኛውን ሰጣት። ደብተሩ ላይ አርባ ይላል። መድኃኒቱን ባዶው ጠርሙስ ውስጥ ቀዳች፣ ዱቄቱን ጣል አደረገችበት። አረፋው መንፏቀቅ ጀመረ። አርባ አለፈ። ስልሳ አለፈ። ሰማንያ ላይ አንገቱ ጋ ደረሰ።

«ውሸታም!» ጠረጴዛውን ነረተው።

«እኔ አልዋሸሁም! የለካሁት ኮምቦልቻ ነው። እዚህ እርስዎ ራስዎ በካፖርት እየተንቀጠቀጡ ነው፤ ብርድ ሲሆን ይዘገያል። ውሃ ይሙቅልኝ!»

ሊቀመንበርን እንዲህ የሚያዝ ሰው ቀለሙ አይቶ አያውቅም። ለሻይ የጣደውን ውሃ ሳያስፈቅድ አመጣላት። በቀዝቃዛ መጥና የመድኃኒቱን ጠርሙስ ጣሳ ውስጥ አቆመችው፤ ለብ ሲል ቀድታ ከዚያው ጥቅል እኩል ጨመረች። ቀለሙ ከሊቀመንበሩ ትከሻ በላይ ሰዓቱን እያየ ይቆጥራል።

«አርባ አንድ! ወይ ጉድ፣ አርባ አንድ!»

ጓድ ወርቅአፈራሁ ሰዓቱን መልሶ አሰረ። «እሺ፣ አንቺ ሂጂ። ደብተሩ ይቀራል።»

«ለምን?»

«ይሄን ሁሉ ድንጋይ የጨረሱ ሰዎች ተደብቀው የማንን ጣቢያ ሲያዳምጡ ነበር? ስማቸው እኮ እዚህ አለ። አሁን ይገለበጣል።»

ሳፊያ ያኔ ገባት። በሺር ልብስ ሰፊው፣ ከወፍጮው ጀርባ ያሉት እትዬ አልጣሽ፣ «ለትምህርትሽ ከሆነ ውሰጂ ልጄ» ብለው የመረቋት ሁሉ! ከዚያ ንዴት መጣ፤ ፍርሃቷን ጠርጎ ወሰደው።

«አንድ ሙከራ ይቀራል» አለች። «የወጣው አየር ኦክሲጅን መሆኑን አላዩም። ክብሪት አለህ?» ቀለሙ አቀበላት።

ሊቀመንበሩ አፉን ሳይከፍት ደብተሩን ሳበችና ገጹን ቦጨቀች። ጠቀለለችው፣ ጫፉን ለኮሰች፣ እፍ ብላ አጠፋችው። ፍሙን ጠርሙሱ አንገት ውስጥ ስትከተው ቦግ ብሎ ተያያዘ፤ ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን ዞሮ እስኪደርስ ነበልባሉ ጣቶቿ ጋ ደርሶ ነበር። እስኪያልቅ አልለቀቀችውም።

«ስሞቹን ንገሪኝ!» አንገቷን አነቀ። «አንድ በአንድ!»

«አርባ» አለች ሳፊያ። «ሃምሳ ሁለት። ሠላሳ ስምንት...»

ሦስት ወር ታሰረች፣ የማትሪክ ፈተናም አመለጣት። ስም በጠየቋት ቁጥር አሥራ ዘጠኙንም ሰከንድ አንድ ሳታጎድል ትነግራቸው ነበር።