የመምጫው ሁለት ሰዓት

አሴኮን የልጇን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ዳር፣ ከግራሩ ሥር ተቀምጣለች። አሞኒ ሰባት ዓመቷ ነው። ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፤ ከትናንት ወዲህ ውሃ እንኳ አልረጋላትም። ነርሱ ሎሲኬ ሆዷን ዳሰስ አድርጎ፣ «አንጀቷ ተጠማዝዟል። እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ናይሮቢ ሐኪም እጅ ካልገባች እኔ ተስፋ አልሰጥሽም» ብሏታል።

ሊወስዳት የተጠራው አውሮፕላን ከናይሮቢ የተነሣው አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አሴኮን ሰዓት ማንበብ የተማረችው ዘንድሮ፣ ከጎልማሶች ጋር ነበር። መምህሩ ካርታውን ዛፍ ላይ ሰቅሎ፣ «ከናይሮቢ እዚህ በጭነት መኪና ሁለት ቀን፣ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት» ሲል፣ «መሬቱ ለእኛ ለድሆቹ ብቻ ነው እንዴ የሚረዝመው?» ብላ ሰዉን አስቃ ነበር። ዛሬ ግን ያቺን ሁለት ሰዓት እንደ ገመድ ጨብጣታለች። አሥራ ሁለት ተኩል ይደርሳል፤ ልጇ ትድናለች። ሜዳው መብራት ስለሌለው ፀሐይ መጥለቅ የለባትም፤ በቃ።

«እማ፣ እንዳትለቂኝ።»

«አልለቅሽም፣ የኔ እናት።»

ድምፁ ከደቡብ ተሰማ። አውሮፕላኑ ዝቅ አለ፤ ዝቅ አለና መሬት ሊነካ ሲል እያጓራ ወደ ላይ ተመለሰ። ሜዳው ላይ ፍየሎች ፈሰዋል። ጠባቂ አጥተው የዋሉት የአሴኮን ፍየሎች በልማዳቸው ወደ ማታው ውሃ መሻገራቸው ነበር።

ጎረቤቷ ናክዋንግ ድንጋይ እየወረወረች ጮኸች። «ያንቺዎቹ ናቸው! እንደ ባለቤታቸው ደረቆች! ነይና ጥሪያቸው!»

«ልጄን ይዣለሁ!»

«የኔን ድምፅ መች ያውቁትና! ተነሽ አንቺ!»

ሎሲኬ ስልኩን ከጆሮው አነሣ። «አብራሪው አንድ ጊዜ ብቻ እዞራለሁ ብሏል። ከዚያ መመለሱ ነው።»

አሴኮን ቀሚሷን የጨበጡትን ትንንሽ ጣቶች አንድ በአንድ አላቀቀች። አሞኒ አላለቀሰችም፤ አየቻት ብቻ። አሴኮን ሮጠች። ፍየሎቿን የምትጠራበትን ዜማ ብታወጣ የአውሮፕላኑ ጩኸት ዋጠው። ሁለተኛው ላይ ተሰማ። ባለ ቃጭሏ ቀይ ፍየል ቀና አለች፣ ወደ እሷ ዞረች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። አቧራው ሳይበርድ ጎማው መሬት ነካ።

አሞኒን ተሸክመው ከእናቷ ጋር አስገቧት። በሩ ሲዘጋ አሴኮን ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሿን ለቀቀች።

«ደረስን» አለች።

አብራሪው ቀበቶዋን እያሰረላት፣ «ገና ነው እናቴ። ሁለት ሰዓት እንበራለን» አላት።

«እሱንማ መጥተኸው የለም እንዴ?»

ሰውየው አየት አደረጋትና ወደ ወንበሩ ሄደ።

ከአብራሪው ፊት ያለውን ሰዓት አየች። ለአንድ አሥር ጉዳይ። ሁለት ሰዓት ደመረች፤ ለሦስት አሥር ጉዳይ ሆነባት። ቀኑን ሙሉ የቆጠረችው መምጫውን ብቻ ነበር። ከማረፊያው እስከ ሐኪም ቤቱ ስንት እንደሆነ ደግሞ ያ ካርታ ላይ አልነበረም።

«ለቀቅሽኝ» አለች አሞኒ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

አሴኮን በሁለት እጇ ያዘቻት። እንደገና ከመጀመሪያው ደመረች፤ ያው ነው።